ጠርሙሱ ክፍት ሳለ

ለሃያ አራት ዓመት በዱሉት ከተማ በሚደረገው የሐይቅ ተመራማሪዎች ዓመታዊ ስብሰባ የምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የስም ካርዶች ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። አንዱ «ዶክተር ማርሊስ ኪኑነን» ይላል። ሌላው «አርቮ ኪኑነን፣ ቆሻሻ እጅ» ይላል። ዘንድሮ አንድ ካርድ ብቻ ነው ያለው። ማርሊስ አንስታ አንገቷ ላይ አጠለቀችና ባዶዋን ቦታ እንዳታይ ቶሎ ዞር አለች። ባሏ በሞተበት ዓመት ከናካቴው አልመጣችም። አምና ስትመጣ ሰው ሁሉ እጇን እየጨበጠ «አዝናለሁ፣ አዝናለሁ» ሲላት ስለዋለ ብቻዋን መሆኗ እንኳ አልታወቃትም ነበር። ዘንድሮ ግን ሐዘኑ የሰለቻቸው መሰለኝ፣ «እንዴት ነሽ» ይሏትና መልሱን ሳይሰሙ ወደ ቡናው ያልፋሉ። ሰው ነው፣ ምን ይደረግ!

«ቆሻሻ እጅ» ደግሞ ስድብ አይደለም፣ የሥራ ስም ነው። የሐይቅ ውሃ ውስጥ ያለ ሜርኩሪ የሚለካው ከኢምንት በታች በሆነ መጠን ነው፤ ሜርኩሪ የማይገኝበት ቦታ ደግሞ የለም። ጀልባው ላይ አለ፣ ገመዱ ላይ አለ፣ የሰው ኪስ ውስጥ አለ። ስለዚህ ውሃ የሚቀዱት ሰዎች ሁለት ሆነው ይወጣሉ። አንዱ «ንጹሕ እጅ» ነው፤ ከጠርሙሱ በቀር አንዳች ነገር አይነካም። ሌላው «ቆሻሻ እጅ» ነው፤ ሞተሩን፣ ሳጥኑን፣ ገመዱን፣ ጠርሙሱ የታሸገበትን የላይኛውን ላስቲክ ሁሉ የሚነካው እሱ ነው። ማርሊስ የኬሚስትሪ ሰው ስለሆነች ንጹሕ እጅ ሆነች። አርቮ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሳንድዊችና ለአንድ ፔርሙስ ቡና ሲል ቆሻሻ እጅ ሆነ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ!

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም ጥግ ይዘሽ ልትቀመጪ ነው?»

ቬርና ነበረች፤ ማርሊስ ውሃ ከምትቀዳበት ከቶርሰን ሐይቅ ማዶ ባለው፣ ኦጅብዌ በሚባሉት ነባር ሕዝቦች ምድር የዓሣ ኃላፊ። አምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ድምፅዋ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል፤ ቀልድና ቁጣዋን ለመለየት ጥቂት ዓመት ይፈጃል። ማርሊስ ያን ያህል ዓመት ታውቃታለች።

«ጥጉ ይሞቃል» አለቻት።

«የት አባቱ ይሞቃል! መስኮቱ እንዴት እንደሚነፍስ እያየሽው።» ቬርና ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ከሰዓት በኋላ ያንቺን እጠብቃለሁ። ምክር ቤታችን ሰኞ ይሰበሰባል። ድሮ አንድ ከምናምን የነበረው የሜርኩሪ ቁጥርሽ ዛሬም ሦስት ካለ፣ ሁለት ጸደይ በጊዜያዊ እገዳ ያቆየነውን ሐይቅ ለአምስት ዓመት እንዘጋዋለን። መረብ የሚባል ነገር የለም።»

«አምስት ዓመት?»

«ምን ላድርግ? የዓሣውን ሥጋ የሚመረምሩት በአምስት ዓመት አንዴ ነው። እስከዚያ ያለን ያንቺ ውሃ ነው። አንቺ ሦስት ካልሽ ሦስት ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሊሮይ ሞተ፣ ሰምተሻል?»

ማርሊስ አልሰማችም። ሊሮይ የቬርና አጎት ነው፤ በየጸደዩ በረዶው ሲለቅ የመጀመሪያውን መረብ የሚያወርደው እሱ ነበር።

«በየካቲት ነው የሞተው። መጨረሻ ላይ ምግብ አልበላ አለና ‹የቶርሰን ዓሣ ካመጣችሁልኝ እበላለሁ› አለ። ወንድሞቼ ‹አንድ ዓሣ ማንንም አይገድልም፣ በረዶውን በስተን እናውጣለት› አሉኝ። እምቢ አልኳቸው። ለልጆቹ ‹አትብሉ› የሚል ወረቀት እየዞርኩ የለጠፍኩት እኔ፣ ለቤቴ ስሰርቅ ልገኝ? ከመደብር በረዶ የሆነ ዓሣ ገዝቼ ጠበስኩለት። ሁለቴ ጎረሰና ‹ይሄ ዓሣ የማን ነው?› አለኝ።» ቬርና ሳቅ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም። «በቃ፣ ያቺ ናት የመጨረሻ ቃሉ ማለት ይቻላል።»

ማርሊስ እጇን ልትይዛት አሰበችና ተወችው። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ድሮም ጎበዝ አልነበረችም፤ ያን የሚያውቅበት አርቮ ነበር።

ስብሰባው ተጀመረ። መድረኩን የሚመራው ኦርሊን ነው፤ ሰዓት ያለፈበትን ተናጋሪ በላም ቃጭል የሚያስቆም ጡረተኛ ፕሮፌሰር። አንዱ ስለ መንገድ ጨው ተናገረ፣ አንዷ ስለ ጎማ አቧራና ስለ ዓሣ ጫጩት። ማርሊስ ግማሹን ሰማች፣ ግማሹን በመስኮቱ አሻግራ ከከተማው ዳር ባለው ትልቅ ሐይቅ ላይ የተኛውን በረዶ አየች። ቀጥሎ ጄረት የሚባል፣ ጢሙ ገና በወጉ ያልወጣ ተመራማሪ ከዊኒፔግ መጥቶ ቆመ።

«የኔ ጥናት ትንሽ ያስቃል» አለ ጄረት። «ናሙናችንን የሚበክልብን ምንድን ነው ብለን ጓንቱንም፣ ጀልባውንም፣ ሳጥኑንም መረመርን። አንድ ያልመረመርነው ነገር ቀረ፦ አፋችን።»

ሰው ፈገግ አለ። ጄረት ቀጠለ። የድሮ የጥርስ ሙሌት፣ ያ ብርማው፣ ግማሹ ሜርኩሪ ነው። እንደዚያ ያለ ሙሌት ያላቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ሰበሰበ። መጀመሪያ በክፍት ጠርሙስ ላይ ዝም ብለው እንዲያጎነብሱ አደረጋቸው፤ ብዙም ለውጥ የለም። ቀጥሎ የዓሣ ማጥመድ ደንብ የታተመበትን መጽሔት ሰጥቶ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረጋቸው። ይኼኔ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አበራው፤ አንድ ከምናምን የነበረው ሦስት ገብቷል።

«ስለዚህ» አለ ጄረት «ንጹሕ እጃችሁ ወሬኛ ከሆነ፣ ወይ ጥርሱን ያስነቅል ወይ ዝም ይበል።»

«በቃ ሚስቴን ሐይቅ አልወስዳትም!» ብሎ ኦርሊን ከመድረኩ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ማርሊስም ሳቀች፤ አዎ፣ እሷም ከሰው ጋር ሳቀች። ስትስቅ ምላሷ ከኋላ ያለውን መንጋጋ ነካና ፈገግታዋ እዚያው ፊቷ ላይ ደረቀ።

ሰባት የተሞሉ ጥርሶች አሏት። ምላሷ አንድ በአንድ ዞረባቸው።

 ግድግዳው ላይ ያለውን ሦስት አየችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ልታሳየው ያዘጋጀችውም ሦስት ነው። ደንቡን አታውቅም እንዳትሉ፤ ታውቀዋለች! «ጠርሙሱ ክፍት ሳለ መናገር ክልክል ነው» የሚለውን ለስንቱ አዲስ ገቢ ያስተማረችው ራሷ ናት። ግን ብቻዋን ጀልባ ላይ ያደረገችውን ነገር መናገር ብላ ቆጥራው አታውቅም። አጠገቡ ሰው የሌለ ሰው «ተናገርኩ» ይላል እንዴ?

ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ወደ ክብ ጠረጴዛዎቹ ሄደ። እሷ የዱር ሩዝ ሾርባዋን ይዛ ኮት የሚሰቀልበት መተላለፊያ ውስጥ ገባችና የመስኮት ደፍ ላይ ተቀመጠች። ሾርባው ቀዘቀዘ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አርቮ ሲበዛ ወሬኛ ነበር። ከጀልባ ማቆሚያው እስከ ሐይቁ መሃል ያወራል፤ ስለሚያመላልሳቸው ተማሪዎች፣ ስለ አውቶቡሱ ማርሽ፣ ጎረቤታቸው ስለገዛው እብድ ውሻ። ማርሊስ ጠርሙሱን ከውስጠኛው ላስቲክ ስታወጣ ግን አንድ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳና ጸጥ ይላል። እሷ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ክንዷን ውሃው ውስጥ ትሰዳለች፣ ትሞላለች፣ ትዘጋለች። ሃያ ሴኮንድ ያህል ነው። ማንም አይናገርም። ክዳኑ እንደተጠመዘዘ አርቮ ትንፋሹን ለቀቅ አድርጎ «አሁን መተንፈስ ይፈቀዳል?» ይላል። እሷም «በቁጠባ» ትለዋለች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ይቺው ናት ቀልዳቸው፤ አንድም ቀን አልቀየሯትም፤ አንድም ቀን ሳትስቅ አልቀረችም።

እሱ ከሞተ በኋላ የምትሠራበት የውሃ ጥናት ቢሮ «ሌላ ሰው እንስጥሽ» አላት። «አያስፈልገኝም» አለች። ጀልባው ጭራ ላይ፣ ከሞተሩ አጠገብ ባለችው በእሱ መቀመጫ ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ማየት አልቻለችም፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ጓንት ደርባ፣ ሁለቱንም እጅ ራሷ ሆና ብቻዋን ወጣች። ቤት ውስጥ ከአርቮ ጋር አውርታ አታውቅም። መቃብሩ ጋ ስትሄድም ቆማ ትመለሳለች። ሰው ሙትን ሲያናግር ትሰማለች፤ እሷ ግን ስትሞክረው የሚመጣው ዝምታ ያስጨንቃታል፤ ያን ያህል የሚያወራ ሰው እንዴት አይመልስም?

ሐይቁ ላይ ግን፣ በዚያ የመጀመሪያ ጸደይ፣ ክዳኑን እንደከፈተች አንድ ነገር ታወቃት። ጠርሙሱ ክፍት ሳለ አርቮ ድሮም አይናገርም። ያኔ ዝም ቢል አዲስ ነገር አይደለም። ከኋላዋ ጣቱን አንስቶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነገረችው። ምድር ቤቱ ውሃ እንደገባበት፣ ውሻው በመጨረሻ እንደሞተ፣ የሱን ቡትስ ጫማ ማን እንደወሰደው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አፏን ከጠርሙሱ አንገት አንድ ስንዝር አርቃ ነገረችው። ዞራ ሳታይ። ከዚያ ዘጋችው።

ደግሞ ተንኮሉን እዩት! ሐይቅ ከመግባቷ በፊት የጀልባ ማቆሚያው ላይ የምትከፍተው መፈተሻ ጠርሙስ አለ፤ ከቤተ ሙከራ የመጣ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ከፍታ ትዘጋውና ብክለት ገብቶ እንደሆነ እሱ ይናገራል። ማቆሚያው ላይ ግን ሁልጊዜ አጥማጆች ይቆማሉ። በሰው ፊት ለብቻዋ ማውራት አፍራ ዝም ትላለች። ስለዚህ መፈተሻው ሁለት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። «እኔ ንጹሕ ነኝ፣ የቆሸሸው ሐይቁ ነው» ብላ የፈረመችው በዚያ ነው።

«እዚህ ነሽ እንዴ!» ቬርና ኮቷን ፍለጋ መጥታ አገኘቻት። «አመመሽ? ፊትሽ ነጭ ወረቀት መስሏል።»

«ደህና ነኝ።»

«ሾርባሽን ብዪ። ቀዝቅዞ የዓሣ ማጠቢያ መስሏል።» ቬርና ሲጋራዋን ከኮቷ ኪስ አውጥታ ወጣች።

እውነቱን ለመናገር፣ ማርሊስ ዝም ለማለት አሰበች። ማን ያውቃል? ጀልባው ላይ ማንም አልነበረም። ቁጥሩን አቅርቦ መውረድ፣ በበጋ ደግሞ አፍ ዘግቶ አዲስ መቅዳት፣ ቁጥሩ ሲወርድ «ሐይቁ አገገመ» ማለት። ሰው ያጨበጭባል። ሐይቁ ግን ሰኞ ይዘጋል፣ አምስት ዓመት። ደግሞ «ይሄ ዓሣ የማን ነው» ያለው ሽማግሌ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ሾርባውን ሳትነካው መለሰችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ኦርሊን ጠራት። «እንግዲህ ይቺን ሴት ማስተዋወቅ አያስፈልግም» አለ። «ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሐይቅ! ከኔ ትዳር ይበልጣል።» ተጨበጨበላት።

ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በራ። ሃያ አራት ነጥቦች ከታች ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ብድግ ብለዋል። ማስታወሻዋን ከፈተችና መልሳ አጠፈችው።

«እነዚህን ሁለቱን አጥፏቸው» አለች።

አዳራሹ ውስጥ ማንም የገባው የለም።

«ጠዋት ያ ልጅ የተናገረውን ሰምታችኋል። ሰባት የተሞሉ ጥርሶች አሉኝ። እነዚህን ሁለት ዓመታት ውሃ የቀዳሁት ብቻዬን ነው። እና ጠርሙሱ ክፍት ሳለ አወራ ነበር። በየናሙናው። ማቆሚያው ላይ አላወራም፤ ለዚህ ነው መፈተሻው ያልያዘኝ። ቶርሰን ሐይቅ ምንም አልሆነም ብዬ አምናለሁ። የጨመረው ሐይቁ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ብዕሩ ወደቀበት። ኦርሊን ቃጭሉን ይዞ ቆሞ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ማርሊስ፣ ቆይ እስቲ። ብቻዬን ነበርኩ አልሽ አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ክፋት አልነበረበትም፤ ነገሩ አልገባውም ነበር። አንድ ጥግ ላይ ሳቅ ጀመረና የሚከተለው አጥቶ ቆመ። ማርሊስ የመድረኩን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች።

«ከአርቮ ጋር» አለች።

  ኦርሊን እንዳይጮህ የቃጭሉን ምላስ በጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከመሃል እጅ ተነሳ፤ ጄረት ነበር፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «መጠየቁ... ግን ለሒሳቡ ያስፈልጋል። ምን ያህሉ ከእርስዎ እንደመጣ ለማወቅ። በአንድ ጠርሙስ ምን ያህል ጊዜ ያወሩ ነበር?»

«ትክክለኛ ጥያቄ ነው» አለች ማርሊስ፤ ደግሞም ነበር። «መጀመሪያ ሃያ ሴኮንድ ያህል። ኋላ ላይ... ሦስት ደቂቃ። አራት። ቶሎ መዝጋት አልፈልግም ነበር።»

ጄረት «ሦስት፣ አራት» ብሎ ጽፎ ብዕሩን አቆመ። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሌላ ጠያቂ አልነበረም። ያጨበጨበም ያላጨበጨበም ሳይታወቅ ወረደች።

መተላለፊያው ውስጥ ሰዎች መንገድ ለቀቁላት። ጨዋነት ነው፣ ክፋት አይደለም፤ ግን አንድ ሰው እንኳ ትከሻዋን ቢነካት ምን ነበረበት? ኮቷን ስትለብስ ቬርና ከኋላ ደረሰችባት።

«ሁለት ጸደይ፣ ማርሊስ!»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም! ሁለት ጸደይ ልጆቼ መረብ ሲወርድ አላዩም። ሊሮይ የመደብር ዓሣ አፉ ውስጥ እንዳለ ሞተ። እኔ ነኝ ያጎረስኩት፣ በነዚህ እጆቼ፣ አንቺን አምኜ!» ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ሰው እንስጥሽ ሲሉሽ ለምን እምቢ አልሽ?»

«በሱ ቦታ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ማየት አልቻልኩም።»

ቬርና ኮቷን ከመስቀያው አወረደች። 

«እኔም በሊሮይ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ ደሜ ይፈላል» አለች። «ግን በወንበሩ ሰበብ የሰው ገበታ አላነሳሁም።» ብላ ሄደች።

ማርሊስም ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ተቀመጠች። የስም ካርዱን ከአንገቷ ማውለቅ መርሳቷ ቤቷ ስትደርስ ነው የታወቃት፤ እሱንም የነገራት ሰው የለም፤ መስታወት ውስጥ አይታው ነው።

ምክር ቤቱ ሰኞ ተሰብስቦ ውሳኔውን አቆየው። ቢሮው ሁለቱን ዓመታት ከመዝገቡ ሰረዘና አጭር ደብዳቤ ላከላት፤ ደብዳቤው ትሕትና ነበረው። ሚያዝያ አለፈ። ማርሊስ ከፖስታ አመላላሹ በቀር ከማንም ጋር ሳታወራ የምትውልበት ሳምንት ነበር። በግንቦት መጀመሪያ ስልኳ ጮኸ።

«በረዶው ለቋል» አለች ቬርና፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። «ሐሙስ ጠዋት። ጀልባሽን አምጪ፣ የኔ ያፈሳል። ንጹሕ እጅ እኔ ነኝ፤ አንድም የተሞላ ጥርስ የለኝም። አንቺ ቆሻሻ እጅ ትሆኛለሽ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? አፍሽን ደግሞ እቤት ትተሽው ነይ።»

ሐሙስ ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ዳር ዳሩን የቀረ ስስ በረዶ ይሰባበራል። ማርሊስ ሞተሩ አጠገብ፣ በአርቮ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ስድስት ዓመት ያቺ ጀልባ የሷ ናት፤ እዚያ መቀመጫ ላይ ግን ተቀምጣ አታውቅም። ብቻዋን ስትወጣ እንኳ ከፊት ተንበርክካ በመቅዘፊያ ነበር የምትሄደው። ጣውላው በአርቮ ልክ ጎድጉዷል። ከዚያ ሆና ሐይቁ ሌላ ሐይቅ መሰላት።

መሃል ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋች። የላይኛውን ላስቲክ ከፈተች፤ ቬርና እጇን ሰዳ የውስጠኛውን ወሰደች፤ ጠርሙሱን አወጣች። የማርሊስ ጣት ሳታስበው ወደ ላይ ተነሳ።

ቁጥሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ አንድ ከምናምን፣ ልክ እንደ ድሮው። ለመጪው ጸደይ መረብ እንዲወርድ ተወሰነ፤ ቬርና የለጠፈችውን ወረቀት እየዞረች ራሷ ቀደደችው። ግን እሱ ኋላ የሆነ ነው። ያን ቀን ጠዋት ገና ምንም አልታወቀም፤ ጠርሙሱ ክፍት ነው፣ ቬርና አጎንብሳ ክንዷን ውሃው ውስጥ ሰዳለች፣ ማርሊስ ከኋላ ጀርባዋን ታያለች።

ከዚያ መቀመጫ የሚታየው ይሄ ነበር፤ ያጎነበሰች ሴት ጀርባ። አርቮ ሃያ አራት ዓመት ሲያይ የኖረው ይሄን ነው። ያን ያህል ወሬ አፉ ውስጥ ይዞ፣ ጣቱን አንስቶ፣ የሷን ጀርባ እያየ ይጠብቅ ነበር። ሃያ ሴኮንድ ከዚህ በኩል ሲሆን እንዴት ይረዝማል!  ልትነግረው የምትፈልገው ነገር ሁሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ከንፈሯን ነክሳ ዋጠችው፤ አንድም ትንፋሽ አልወጣትም።

ክዳኑ ተጠመዘዘ።

ቬርና ጠርሙሱን ላስቲኩ ውስጥ ከታ ቀና አለች። ማርሊስ ጣቷን አወረደችና ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚህ መቀመጫ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አሁን መተንፈስ ይፈቀዳል?» አለች።

ቬርና ግራ ገብቷት ዞር አለች።

«ማን ከለከለሽ?» አለቻት።